መሃሉን አስቀድሚ

«እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ዕድሜዬ 29 ነው፣ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ኪቦርድ የጀመርኩት በ19 ዓመቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር ነው። የተማርኩት በጆሮዬ ነው፤ ኖታ ማንበብ ከጀመርኩ ገና ሦስት ዓመቴ ነው። አምና አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ባለ 88 ቁልፍ ዲጂታል ፒያኖ አመጣችልኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ ‹ፋንታዚ ኢምፕሮምፕቱ› የሚባለው የሾፓን የፒያኖ ሥራ ላይ ቀረ። ይኸው ስምንት ወር ሞላኝ። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ አንድ ሰዓት ተኩል እቀመጣለሁ፤ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ነው የምነሳው። ቀኝ እጄ ለብቻው ይሄዳል፣ ግራውም ለብቻው ይሄዳል፣ ሁለቱን ሳገናኛቸው ግን አንዱ ሌላውን ጎትቶ ይጥለዋል። ወንድሜ ጥር ላይ ያገባል፤ ሰርግህ ላይ እጫወትልሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ። ሲጨንቀኝ ቪዲዮ ቀርጼ ለአንድ አስተማሪ ላክሁ። ‹በዚህ ዕድሜ ጣት አይፍታታም፣ ቀለል ያለ ነገር ፈልጊ› ብሎ መለሰልኝ። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰልችቷቸዋል። አባዬ ብቻ ነው ምንም የማይለኝ፤ እንዲያውም የመሃሉን ቀስ ያለ ዜማ ከስልኬ ሰምቶ ይዞታል፣ ጠዋት ቡና ሲጠጣ ያንጎራጉረዋል። ክንዴም ማታ ማታ ይዝላል። ልተወው ወይስ መላ አለው?»

እህቴ፣

አትተዪው። ይህን ያስቀደምኩት ቀሪውን ስታነቢ ልብሽ አርፎ እንድታነቢው ብዬ ነው። የምትተዪው ግን ሌላ ነገር አለ፤ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው መነሳትሽንና የጥር ወሩን የሰርግ ቀጠሮ። ወደ ሁለቱም እመጣለሁ።

በቅድሚያ ስለተባልሽው። ግርማ ይፍራሸዋን ታውቂው ይሆናል፤ አገራችን ካፈራቻቸው የክላሲካል ፒያኖ ተጫዋቾች ስሙ ከፊት የሚጠራ ነው። ልጅ ሳለ ክራር ነበር የሚጫወተው። ከፒያኖ ጋር የተዋወቀው በ16 ዓመቱ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። በአውሮፓ ልማድ ይህ የረፈደ ነው፤ እዚያ በአምስትና በስድስት ዓመታቸው የሚጀምሩት ናቸው መድረኩን የሚሞሉት። እሱ ግን ከዚያ ተነስቶ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተማረ፤ በብዙ አገር መድረክም ተጫወተ። አንቺ 19 ነበርሽ፣ አሁን ደግሞ 29 ነሽ። ይህ 16 አይደለም፤ ኮንሰርት እያሳየሽ ትኖሪያለሽ ብዬ አላባብልሽም። አንቺም እሱን አልጠየቅሽኝም። የጠየቅሽኝ አምስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ አንድ ሥራ በወጉ መጫወት እችላለሁ ወይ ብለሽ ነው። ለዚህ ዕድሜሽ አልረፈደም። ያ ሰው እንዲህ ብሎ ሊመልስልሽ አይገባም ነበር፤ ጣትሽን አንድ ቪዲዮ ላይ አይቶ ዕድሜሽን ፈረደበት።

ስለ ጣትሽ ከተነሳ፣ ሥራሽን ስትነግሪኝ አንድ ነገር ታየኝ። ብር ስትቆጥሪ ጣትሽን ታይዋለሽ? አታይውም። ዓይንሽ ደንበኛው ላይ ነው፣ ጣትሽ ግን መቶዎቹን እያገላበጠ ይሄዳል። ይህ ጣት ነው አይፍታታም የተባለው። አሁን መስኮቱ ላይ የተቀመጥሽበትን የመጀመሪያ ሳምንት አስታውሺ። ቀስ ብለሽ ነው የቆጠርሽው፤ ተጠራጥረሽ ደግመሽ ቆጥረሻል። ለምን ቢባል ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለቱ ከኪስሽ ይከፈላል። ፍጥነቱን ማንም አላስተማረሽም፤ ሳትሳሳቺ ስለቆየሽ በራሱ ጊዜ መጣ። ፒያኖው ላይ ግን የተሳሳተ ድምፅ ማንም አያስከፍልሽም። ስለዚህ ትሳሳቺያለሽ፣ «ቀጥሎ ይስተካከላል» ብለሽ ታልፊያለሽ፣ ነገም እዚያው ቦታ ላይ ትሳሳቺያለሽ። እጅ ልክና ስህተት አይለይም፤ የደጋገምሽለትን ይይዛል። ስምንት ወር ሙሉ በየማታው የደጋገምሽለት ደግሞ መፍረሱን ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ጉድለቱን አስከፍዪ። አንድ ድምፅ ከሳትሽ እዚያው ቁሚ፤ ከዚያ ቦታ አትለፊ፤ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሺና አራት ድምፅ ብቻ ይዘሽ ሥሪ።

አሁን ወደ ሥራው ራሱ እንግባ። ፖላንዳዊው የሙዚቃ ደራሲ ሾፓን ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1834 ነው፤ 24 ዓመቱ ነበር፣ ካንቺ ያንሳል። በሕይወት ሳለ አላሳተመውም። እ.ኤ.አ. በ1849 ሲሞትም ያልታተሙ ወረቀቶቼ ይቃጠሉ ብሎ ነበር። ወዳጁ ዩልያን ፎንታና ግን እ.ኤ.አ. በ1855 አሳተመው፤ «ፋንታዚ» የሚለውን ቃል የጨመረበትም ፎንታና ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ፒያኒስቱ አርተር ሩቢንስታይን ሾፓን በእጁ የገለበጠውን፣ የ1835 ቀን ያለበትን ሌላ ቅጂ አገኘ። ይህን ታሪክ ለወሬ አላነሳሁትም። ሁለቱ ቅጂዎች አንዳንድ ቦታ ላይ ይለያያሉ። ስልክሽ ላይ የምትሰሚው ሰው ወረቀትሽ ላይ የሌለ ድምፅ ሲጫወት ብትሰሚ ጆሮሽን አትጠራጠሪ፤ ሌላኛውን ቅጂ ይዞ ሊሆን ይችላል። አንዱን ምረጪና ሌላውን እርሺው። ኖታውን ወረቀት ላይ አሳትሚው እንጂ ከስልክ መስታወት ላይ አታንብቢ። የምትመርጪውም የጣት ቁጥር የተጻፈበትን ይሁን። በየቀኑ በሌላ ጣት የምትነኪው ቦታ መቼም አይያዝም፤ እርሳስ ይዘሽ ቁጥሩን ለእጅሽ አስተካክይውና ከዚያ በኋላ አትለውጪው።

ሁለቱ እጆች ለምን እንደሚጣሉ እናንሳ፤ የደብዳቤሽ ልብ እዚህ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ቀኝ እጅ በአንድ ምት ውስጥ አራት ድምፅ ይጫወታል፣ ግራው በዚያው ምት ውስጥ ሦስት። የሚገናኙት በየምቱ መነሻ ላይ ብቻ ነው፤ በመሃል አንዳቸውም ሌላው ላይ አያርፉም። ሕፃንነትሽን ሙሉ ያጨበጨብሽው ሁለቱ እጆችሽ አብረው ሲወርዱ ነው፣ ስለዚህ አእምሮሽ ሊያገናኛቸው ይጎትታል። በአንድ ሰው ሁለት እጅ ውስጥ ሁለት ሰው መኖር አለበት፤ ይህን ማንም በአንድ ማታ አልለመደውም።

አንድ ምት ለአሥራ ሁለት እኩል ቁራጭ ተከፈለ እንበል። ቀኝ እጅ በየሦስት ቁራጩ ይወርዳል፣ ግራ እጅ በየአራቱ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሆናል፦ ሁለቱም አብረው፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ስድስት ምቶች ናቸው፤ ርቀታቸው ግን እኩል አይደለም፤ ረጅም፣ አጭር፣ መካከለኛ፣ መካከለኛ፣ አጭር፣ ረጅም። ይህንን ለተማሪዎቼ በቁጥር ሳስረዳ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ በቃል ሲሆን ግን ቶሎ ይገባል። ላንቺ ደግሞ ቃሉ የከተማሽ ነው፦

ጅም – ማ – ቡ – ና – መ – ጣ።

«ጅማ ቡና መጣ»። ሰው ሲያወራ እንደሚለው በይው። «ጅም» ላይ ምላስሽ ይጠብቃል፣ ስለዚህ ይረዝማል፤ «ማ» ቶሎ ያልፋል፤ «ቡ» እና «ና» እኩል ይሄዳሉ፤ «መ» አጭር ነው፤ «ጣ» ላይ ታርፊያለሽ። አሁን ጠረጴዛ ላይ እጅሽን አድርጊ። «ጅም» ስትይ ሁለቱም እጆች ይውረዱ፣ «ማ» ላይ ቀኝ፣ «ቡ» ላይ ግራ፣ «ና» ላይ ቀኝ፣ «መ» ላይ ግራ፣ «ጣ» ላይ ቀኝ። ሳታቋርጪ ደጋግሚው። ሦስት ቀን ፒያኖውን ሳትነኪ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ይሁን። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠሽ ጉልበትሽ ላይ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት መስኮቱ ላይ፣ የትም ይሆናል። በአራተኛው ቀን ቀኝ እጅሽ ብቻውን አራት እኩል ምት እንደሚመታ፣ ግራውም ብቻውን ሦስት እኩል ምት እንደሚመታ መስማት ትጀምሪያለሽ። ያንን መስማት ነው የምንፈልገው፤ ቃሉ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ምክንያቱም በሙሉ ፍጥነት «ጅማ ቡና መጣ» የሚል አእምሮ የለም። ሥራው ሲፈጥን ስድስቱን ምት ልታሰሊ አትችይም። እዚያ ላይ የሚያድንሽ እያንዳንዱ እጅ የራሱን መንገድ ሳይሰበር መሄዱ ነው። የሾፓን ተማሪዎች ግራ እጅ የመዘምራን መሪ ነው፣ ምቱን አይልቅ ይለን ነበር ብለው ጽፈዋል። አንቺ ከመዘምራን ጋር ያደግሽ ስለሆንሽ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፦ ብቸኛዋ ዘማሪ ብታዘገይም ብትፈጥንም መሪው እጁን አይለውጥም። ስለዚህ ግራ እጅሽን ብቻውን ምት ከሚቆጥረው መሣሪያ፣ ከሜትሮኖም ጋር አስኪጂ፣ ሌላ ነገር እያወራሽ መጫወት እስክትችይ ድረስ። አባትሽ ገብተው «እራት ደርሷል» ሲሉሽ ግራ እጅሽ ሳይቆም «እሺ አባዬ» ካልሽ፣ ያን ጊዜ ቀኙን ጨምሪበት። ሜትሮኖሙን 40 ላይ አድርጊው፣ አንድ ምት ለአራት ድምፅ። ሦስት ጊዜ ያለ ስህተት ከሄድሽ ወደ 44፣ ከሳትሽ ወደ 40 ተመለሺ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። እሱ ግን ሥራው ራሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። መክፈቻው ላይ አንድ ድምፅ ሁለት ባር (ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የተለየ ክፍል) ተይዞ ይቆያል፤ ከዚያ ግራ እጅ ሁለት ባር ብቻውን ከሄደ በኋላ ቀኙ በአምስተኛው ባር ይገባል። ሲገባ ግን በምቱ መነሻ ላይ አይደለም፤ መጀመሪያ አጭር ዝምታ አለ፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። ስለዚህ የመጀመሪያው «ጅም» የግራ ብቻ ነው፤ ቀኙ «ማ» ላይ ይገባል። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የምትነሺ ከሆነ በየማታው የምትጀምሪው ከሥራው ሁሉ ከባዱ በሆነ መግቢያ ነው ማለት ነው። ሁለቱ እጆችሽ ገና ሳይገናኙ የተጣሉት እዚያ ይመስለኛል።

ከመጀመሪያው አትነሺ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ ይህንኑ ሥራ ይዤ ነበር፣ በየቀኑ ከላይ እስከ ታች። የመጀመሪያው ገጽ እንደ ውሃ ይወርድልኝ ነበር፤ አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ እጄም ልቤም ዝሎ ነበር። አንድ ቀን ሰዎች ፊት ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ቆምኩ፤ ከመሃል መነሳት አልችልም ነበርና ከመጀመሪያው ደገምኩት፣ እዚያው ቦታ ላይ ደግሜ ቆምኩ። ያን ማታ አልቅሻለሁ። አንድ ሥራ የት ቦታ ላይ ቢጠሩሽ መነሳት ከቻልሽ ብቻ ነው የምታውቂው። እኔ አንድ በር ብቻ ነበረኝ።

ቡና ለቃሚ አንድ ዛፍ ላይ አንድ ጊዜ ወጥቶ አይጨርስም፤ ዛሬ የቀላውን ይለቅማል፣ አረንጓዴውን ትቶት ይሄዳል፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። በእርሳስ ሥራውን ወደ ትንንሽ ቁራጮች፣ አራት አራት ባር አድርጊና ክፈዪው። ዛሬ አንዱን ትሠሪያለሽ፣ ነገ ሌላውን፣ ያልበሰለውን አታስገድጂውም። እንቅልፍ ራሱ ሥራ ይሠራልሻል፤ ማታ ያልያዘልሽ ነገር ጠዋት ተነስተሽ ስትነኪው የሚይዝልሽ አንቺ ተኝተሽ ሳለ አእምሮሽ ስለሚያደላድለው ነው። ለዚህም አንድ ሰዓት ተኩል ማታ ከምትጨርሺ፣ 25 ደቂቃ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ 30 ደቂቃ ማታ አድርጊው።

እና የት ትጀምሪያለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጥለሽ አልፈሻል፤ እኔ ግን ቆሜባታለሁ። አባትሽ የመሃሉን ዜማ ያንጎራጉራሉ ብለሻል። እህቴ፣ ከዚያ ጀምሪ።

መሃሉ «ሞደራቶ ካንታቢሌ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ በመጠኑ፣ እንደሚዘመር ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል በሲ ሻርፕ ማይነር ነው፣ አራት ሻርፕ (ድምፅን በግማሽ ደረጃ ከፍ የሚያደርግ ምልክት) አለበት። መሃሉ ዲ ፍላት ሜጀር ነው፣ አምስት ፍላት (ዝቅ የሚያደርገው ምልክት) አለበት። ይህ ብዛት ኖታ ለማንበብ አዲስ የሆነን ሰው ያስደነግጣል፤ ቁልፉን ተመልከቺው ግን፤ ሲ ሻርፕና ዲ ፍላት ያው አንድ ጥቁር ቁልፍ ናቸው። ቤቱ ያው ነው፣ መስኮቱ ነው የተከፈተው። እዚህ ቀኝ እጅ ዜማውን ብቻ ይዘምራል፣ ግራው ሦስት ሦስት እያለ ይከተለዋል። አንዳንድ ቦታ ሁለት ድምፅ በሦስት ላይ ያርፋል፤ እሱን የሰርግ ከበሮ አስተምሮሻል፣ አትፍሪው። ዜማው ደጋግሞ ስለሚመለስ ገጹ ከሚመስለው ያጠረ ነው፤ ስምንቱን ባር ስትይዢ አብዛኛውን ይዘሻል። ግራ እጅ ሰፊ ርቀት ይሄዳል፤ ጣትሽን ወጥረሽ ለመድረስ አትሞክሪ፣ እጅሽን አንስተሽ ወስደሽ አሳርፊው። ፔዳሉን ኖታውን እስክትይዢ አትንኪው፤ የተጫነ ፔዳል ስህተትን ይሸፍናል።

ሁለቱ እጆች ሳይጣሉ እንዴት ራሳቸውን ችለው እንደሚሄዱ ለመስማት ከፈለግሽ ሩቅ አትሂጂ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ቅጂዎች ስሚ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ያረፉት እናታችን በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ የአውሮፓውያኑን ሙዚቃ ተምረው ነበር፤ የኛንም የቤተ ክርስቲያን ዜማ በጆሯቸው ይዘውታል። ግራ እጃቸው ሲሄድ ቀኙ ይዘገያል፣ ይቀድማል፣ ተመልሶ ያገኘዋል። ማታ ከመተኛትሽ በፊት አንዱን ስሚው፤ ከዚያ ወደ ሾፓን መሃል ተመለሺ።

የሚቀጥለውን ደግሞ ልብ ብለሽ አንብቢልኝ። መሃሉ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ክፍል እንዳለ ማለት ይቻላል ይመለሳል፤ ስለዚህ እሱን ሁለት ጊዜ አትማሪውም። ከዚያ ማብቂያው ይመጣል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ቀኝ እጅ ዝቅ ባለ ድምፅ እየተርገበገበ ሳለ ግራ እጅ ከስር አንድ ዜማ ያነሳል። ያ ዜማ የመሃሉ ነው፤ አባትሽ የሚያንጎራጉሩት ራሱ ነው። ቪዲዮው ላይ ብዙ ሰው ቀኝ እጅን እያየ አያስተውለውም። መሃሉን አስቀድሞ የተማረ ሰው የመጨረሻውን ገጽ ግማሽ ተምሯል፤ እኔ ከላይ ወደ ታች ስሄድ ይህንን አልደረስኩበትም ነበር።

ክንድሽን በጨረፍታ ነው የጠቀስሽው፤ እኔ በጨረፍታ አላልፈውም። ድካም አንድ ነገር ነው፣ ሕመም ሌላ። ክንድሽ ከዛለ ቁልፍ ከተጫንሽ በኋላ እጅሽን ሳትለቂው ይዘሽው ትቆያለሽ ማለት ነው፤ ድምፁ ከወጣ በኋላ መጫን ምንም አይጨምርም። በየአራት ባሩ ትከሻሽን ጣይው። የምትቀመጪው ምን ላይ ነው? የጅማ በርጩማ ላይ ከሆነ በፍጹም፤ ውበቱን እወደዋለሁ፣ ለፒያኖ ግን ዝቅ ይላል። ክርንሽ ከቁልፎቹ እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ማለት አለበት፤ ወንበርሽ ካጠረ ጋቢ አጥፈሽ ጨምሪበት። መደንዘዝ ወይም የሚወጋ ሕመም ከመጣ የዚያን ቀን አቁሚ፣ በማግስቱም ካልተወሽ ሐኪም ይየው። እኔ አንዴ «ይለመዳል» ብዬ አልፌው ሦስት ወር ፒያኖ ሳልነካ ቀርቻለሁ።

ፒያኖሽ ዲጂታል መሆኑ ደግ ነው፤ ለጅማ ይሻላል። ከዓመታት በፊት እዚያ አንድ ወዳጅ ቤት ክረምቱን ከርሜ ነበር፣ ሳሎን ውስጥ አሮጌ ፒያኖ ነበራቸው። ሐምሌ ላይ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ የተጫኑት ቁልፍ ተመልሶ አይነሳም፤ አስተካካይ ደግሞ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መምጣት ነበረበት። ያንቺው ከዚህ ነፃ ነው። መብራት ሲሄድ ግን ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ከሶኬቱ ንቀዪው፣ ኃይሉ ሲመለስ ከፍ ዝቅ ይላልና። ከዚያ በሻማም ቢሆን ኖታውን ከፍተሽ በዝምታ ቁልፎቹ ላይ ተጫወቺው። ድምፁን በልብሽ ካልሰማሽው ገና አልያዝሽውም፤ በልብሽ የጠፋብሽን ቦታ በእርሳስ ክበቢው፣ የነገ ሥራሽ እሱ ነው። መብራት የጠፋባቸው ማታዎች ከብዙ የጮሁ ማታዎች የበለጠ አስተምረውኛል።

ወደ ሰርጉ ልምጣ። ለወንድምሽ ዛሬውኑ ንገሪው፤ ሙሉውን ለጥር አላደርሰውም በይው። አራት ወይም አምስት ወር ለዚህ ሥራ አይበቃም፣ በቀን አንድ ሰዓት ለምትሠራ ሰው ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ይህም እፍረት የለበትም። ደግሞም የሰርግ አዳራሽ ይህን አይሸከምም። እንግዳው ይበላል፣ ይሳሳማል፣ ሕፃናት ይሮጣሉ፣ ማይክራፎኑ ይጮሃል፤ አንቺ አራት በሦስት ላይ እየቆጠርሽ ማን ይሰማሻል? መልሱ ግን ቤት ነው። ዘመድ ብቻ ነው፣ ቡና ይፈላል፣ ሰው ተቀምጧል። ሙሽሮቹ ገብተው ምግቡ ከተነሳ በኋላ፣ ቡናው ሳይቀርብ፣ መሃሉን ብቻ ተጫወቺው። ከዲ ፍላት ተነስቶ ዲ ፍላት ላይ ያርፋል፣ ለብቻው ቢሰማ አይጎድልም። ለዚያ እስከ ጥር ትደርሺያለሽ።

የመጀመሪያውን ክፍል እስከዚያ ድረስ በቀን ከአሥር ደቂቃ በላይ አትስጪው፣ እሱንም በ40ና በ44 ብቻ፣ ከጠረጴዛው ጋር። ከጥር በኋላ ቀን አትቁረጪለት።

አሁን ለዚህ ሳምንት አንድ ነገር ላዝሽ። የመጨረሻውን ገጽ አውጪ። ከግራ እጅ መስመር ውስጥ ዜማውን የሚሠሩትን ድምፆች ፈልጊና በቀይ እርሳስ ክበቢያቸው፤ ቀኙን እርሺው። በአንድ እጅሽ፣ በጣም ቀስ ብለሽ፣ እነሱን ብቻ መጫወት ልመጂ። ከዚያ እሁድ ጠዋት አባትሽ ቡናቸውን ይዘው ሲቀመጡ፣ ምን እንደምትጫወቺ ሳትነግሪያቸው፣ ያንን ዝቅ ያለ ዜማ ተጫወቺው። የሚያንጎራጉሩት እሱ መሆኑን ካወቁት ጻፊልኝ፤ ካላወቁትም ጻፊልኝ፣ የትኛውን ድምፅ ከፍ አድርገሽ ማሰማት እንዳለብሽ እነግርሻለሁ።